መልስ፦ ድንጋይ የመታ የካርቦን ፍላጻ ይተኮሳል ወይ?

ወንድሜ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ድንጋይ የመታው ፍላጻህ ላዩ ደህና ስለሚመስል ልተኩሰው ወይ ብለሃል። ሳትፈትሸው አትተኩስ! ካርቦን እንደ አሉሚኒየም ጎብጦ በመቅረት አያስታውቅም፤ ላዩ ሳይነካ ውስጡ ንብርብሩ ሊላቀቅ ይችላል። ገመዱን ስትለቅ ፍላጻው በግፊቱ ይጎብጣል፤ ያኔ ከተሰበረ ስንጥሩ ቀስት የያዘው እጅህ ውስጥ ነው የሚገባው።

ጠርገህ ፀሐይ ላይ እያሽከረከርክ እየው። ጥጥ ስታስኬድበት ከያዘው ስንጥር አለው። ከዚያ መነጽር አድርግና ሁለቱን ጫፎች ይዘህ፣ ከፊትህ አርቀህ፣ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ አጉብጠው፤ ሩብ ዙር እያዞርክ ዙሪያውን ጨርስ። በመጨረሻም ሁለቱን ጫፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዘው። ሲንቋቋ ከሰማህ፣ ወይም በቀላሉ ከተጠመዘዘልህ አበቃለት። የጫፉ ብረት የተጣበቀበትን ቦታ ደጋግመህ እይ፤ ድንጋይ ሲመታ ብረቱ ወደ ኋላ ተገፍቶ የፍላጻውን ቱቦ የሚሰነጥቀው እዚያ ነው።

ገመድ የሚገባበት የፕላስቲክ ጭራ ብቻ ከተሰነጠቀና ቱቦው ፈተናውን ካለፈ፣ አብሽር፣ ጭራውን ቀይረው። የተሰነጠቀ ቱቦ ግን በሙጫም በፕላስተርም አይድንም። ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይተኩሰው ጓንት አድርገህ ለሁለት ስበረውና ስብራቱን በፕላስተር ጠቅልለህ ጣለው።