የይግባኝ ማመልከቻ ስንት ገጽ ይሁን?

ሰሞኑን ጥብቅና የጀመረ አንድ ወጣት ፒያሳ ላይ አገኘኝና «ጋሼ፣ የይግባኝ ማመልከቻ ስንት ገጽ ቢሆን ጥሩ ነው?» አለኝ። «እንደ ነገሩ ነው» ብዬ አለፍኩት። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው አለቅ አለኝ። አንድ የደምቢያ ገበሬ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ቢሮዬ ጠባብ ክፍል ነበረች። ሰውየው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ገቡ። ከፌስታል የወረዳ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ግልባጭ አወጡ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት አወጡና «ልጄ፣ እስቲ ይችን እያት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥማድ በሬ በዱቤ ገዝተዋል። ግማሹን ያኔውኑ ሰጡ፤ ግማሹን አዝመራ ሲገባ ሊከፍሉ ተስማሙ። አዝመራው ገባ፣ ከፈሉ። ሻጩ መቀበሉን ፈርሞላቸዋል፤ ሁለት እማኞችም አሉበት። ያቺ ወረቀት እሷ ናት። ሻጩ ግን ውሎ አድሮ «ቀሪው አልተከፈለኝም» ብሎ ከሰሳቸው።

«ታዲያ ይህን ለወረዳው ለምን አላሳዩም?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ለክሱ መልስ የጻፈላቸው ሰው «በሬ ገዝቼ አላውቅም ብለው ድርቅ ይበሉ፤ ክዶ የተረታ የለም» ብሏቸው ኖሯል። እሳቸውም ካዱ። ከሳሽ ምስክር አቆመ። ምስክሮቹ የበሬዎቹን መልክ ሳይቀር ተናገሩ። ገበያ ሙሉ ሰው ያየውን ግዢ ክደው ማን ይመናቸው? ተፈረደባቸው።

የይግባኙ 60 ቀን ገና አላለፈም ነበር። ሰውየው በዚህ ተጽናንተዋል። እኔ ግን ግልባጩን ሳነብ ሆዴ ባባ። የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ አስወጥቼ ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ክፍያ የሚል አንዲት ቃል ፈለግሁ። በመልሱ የለም፣ በምስክር ቃል የለም፣ ጭብጥም፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ መርምሮ የሚወስነው የክርክር ነጥብ፣ አልተያዘበትም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 329 በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሣን ፍሬ ነገር በይግባኝ አታንሱ ይላል። ቁጥር 345 ተጨማሪ ማስረጃ የሚቀርብበትን በር ቢተውም በጣም ጠባብ ነው። አንድም የሥር ፍርድ ቤት መቀበል የነበረበትን ማስረጃ አልቀበልም ካለ፣ አለዚያም ይግባኝ ሰሚው ራሱ ለፍርድ ያስፈልገኛል ካለ። የእኛ ወረቀት መቼ ቀርባ ነው እንቢ የተባለችው?

ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። «ግዴለም፣ ሞክርልኝ» አሉ። የምስክሮቹን ቃል አመዛዘን ነቀፍኩ፤ ወረቀቷንም በ345 ፍርድ ቤቱ እንዲያያት ለመንኩ። ቀጠሮው ደረሰ። ዳኛው ጨዋ ሰው ነበሩ። ወደ ሰውየው ዞረው «አባባ፣ ይህ ሰነድ በክሱ ጊዜ በእጅዎ ነበር?» አሏቸው። «አዎ ጌታዬ፣ ከሳጥኔ ወጥቶም አያውቅ» አሉ። እውነቱን ነው የተናገሩት። ወረዳ ላይ ውሸት ጎዳቸው፣ ከፍተኛ ላይ እውነት ጎዳቸው። ይግባኙ አያስቀርብም ተብሎ በቁጥር 337 ተዘጋ። መልስ ሰጪው አልተጠራም።

ሽማግሌ ልከን ነበር። ሻጩ «ፍርድ ቤት ፈርዶልኛል፣ ምን ቀረኝ» አላቸው። በአፈጻጸም በሬዎቹ ተሸጡ። እኔ ሳይፈረድ በፊት አላገኘኋቸውም፤ ምንም ላደርግ አልችልም ነበር። ቢሆንም ያቺን በላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

እና የገጽ ብዛት የሚጠይቀኝ ልጅ መጀመሪያ መዝገቡን አንብቦ ይምጣ። ውሳኔውን ብቻ አላልኩም። ክሱን፣ መልሱን፣ የምስክር ቃሉን፣ የቀጠሮ ትእዛዙን ጭምር። ይግባኝ የሚጻፈው መዝገቡ ውስጥ ባለው ላይ ነው። ደንበኛው ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚነግራችሁ ሌላ ነው፣ መዝገቡ የሚለው ሌላ ነው። የዛሬ ልጆች ይህን ማንበብ ትሰለቻላችሁ፣ ልንገራችሁ። ቴሌግራም ላይ የተገኘ ናሙና ይገለበጣል፣ የተከራካሪ ስም ይቀየራል፣ የሰበር መዝገብ ቁጥር ይደረደራል። በመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ 454/1997 ወዲህ የሥር ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስገድድ አውቃለሁ፤ ጥቀሱት። ግን ፍሬ ነገሩ ከእናንተ ጉዳይ ጋር ይገጥም እንደሆነ አንብባችሁ ነው። የመሬት ውሳኔ በብድር ክርክር ላይ ተለጥፎ አይቻለሁ።

በእርግጥ እኛም ቅዱሳን አልነበርንም። ድሮ በፍርድ ቤት ደጃፍ በታይፕ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊዎች ነበሩ። ካርቦን ደርበው ሲመቱት ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። አንዱ ሽማግሌ አማርኛቸው ማር ነበር። አቤቱታቸው ከአያት ቅድመ አያት ይጀምራል፣ በምሳሌ ይዋዛል፣ በእንባ ያልቃል። ሰው ሲነበብለት ያለቅሳል። ምን ይደረግ፣ ያደግነው በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ወሬ ነው፤ ጎንደሬ ደግሞ አንደበተ ርቱዕ ይወዳል። እኔም እወዳለሁ። ዳኛው ግን ሌላም የሚያነበው መዝገብ አለው። ሕጉም የቅሬታ ነጥቦች ባጭሩ፣ በየራሳቸው፣ በተራ ቁጥር ይቀመጡ ነው የሚለው። ሦስት ጠንካራ ነጥብ ካላችሁ አሥራ ሁለት አታድርጉት። ደካማው ጠንካራውን ይሸፍነዋል። እያንዳንዱ ነጥብ የሥር ፍርድ ቤቱ ምን አለ፣ የት ገጽ ላይ፣ ለምን ተሳሳተ የሚለውን ይመልስ። በመጨረሻ የምትጠይቁት ዳኝነት ይለይ፦ ይሻር? ይሻሻል? ወደ ሥር ይመለስ?

አጭር ይሁን እያልኩ ነው። ሆኖም ካሸነፍኩባቸው ይግባኞች የምኮራበት ረጅም ነበር። የሒሳብ ክርክር ነበርና ደረሰኝ በደረሰኝ መዘርዘር ግድ ሆነብኝ። ስለዚህ ወጣቱን «እንደ ነገሩ ነው» ማለቴ ልክ ነበር መሰለኝ።

ቀን ስለመቁጠር ብዙ አልልም፤ ይህን የማያውቅ ጠበቃ ካለ ሥራውን ይቀይር። ብቻ የሥራ ክርክር ይግባኝ 30 ቀን መሆኑን ረስቶ 60 የሚቆጥር አጋጥሞኛል። ውሳኔው በተነበበ ዕለት ግልባጭ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የጠየቃችሁበትንም የወሰዳችሁበትንም ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። የጠበቃና የወኪል ጥፋት ለዘገየ ይግባኝ በቂ ምክንያት አይሆንም፤ ዕዳው የሚወርደው ደንበኛው ላይ ነው።

ደግሞ ይግባኝ ስለተከፈተ ብቻ አፈጻጸም አይቆምም። እግዱን ለብቻው በማመልከቻና በቃለ መሃላ ጠይቁ፣ ከይግባኙ ጋር በአንድ ቀን አስገቡት። ወደ ሬጅስትራር ስትሄዱ ገጾቹ በተራ ቁጥር ይያዙ፣ ኮፒው ለእያንዳንዱ መልስ ሰጪ ይብቃ፣ የእናንተም ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን ይመታ። አርብ ከሆነ በጠዋት ሂዱ፤ የምሳ እረፍቱ ይረዝማል።