ክረምት ላይ ወደ ሰሜን ሸዋ ተራሮች ለምትነሱ ልጆች

እንደምን ከረማችሁ ልጆች። ስታገኙኝ የምታነሱብኝ ነገር አንድ ዓይነት እየሆነ ስለመጣ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልጻፍ ብዬ ነው። አንዱ ተመርቆ ስራ ሲፈልግ ቆይቶ ሰልችቶታል፣ አንዷ ባንክ ቤት ጥሩ ደሞዝ እያገኘች ጠዋት መነሳት አስጠልቷታል፣ ሌላው ጓደኞቹ ሁሉ ውጪ ሄደውበት ብቻውን ቀርቷል፣ መጨረሻችሁ ግን አንድ ነው፣ «ጋሼ ክረምቱ ሳያልቅ መኪና ይዘን ወደ ሰሜን ሸዋ ወጣ ብለን፣ ዝናቡ ውስጥ ተራራ ለተራራ እየሄድን ማሰብ እንፈልጋለን፣ የህይወት ትርጉም ምናምን» ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እንጀራዬ መንገድ ስራ ነበር፣ እነዚያ ተራሮች ላይ ክረምት ከበጋ ተመላልሻለሁ፣ ስለዚህ ስለመንገዱም ስለምትፈልጉት ነገርም የምላችሁ አለኝ።

ሂዱ። ሰው መስከረም ይጥባ፣ አደይ ይፈንዳ፣ ያኔ ፎቶውም ያምራል ይላችኋል፣ እውነትም ያምራል። ግን ትርጉም ፍለጋ ከሆነ የምትሄዱት ሐምሌና ነሐሴ ይሻላችኋል። መስከረም ላይ የምታዩት ዝናቡ አልፎ ሰዉ ትንሽ ተንፍሶ ነው። ሐምሌ ላይ ግን ገበሬውም፣ ሹፌሩም፣ እረኛውም፣ መንገድ ሰራተኛውም ሁሉም ከውሃ ጋር ግብግብ ላይ ነው፣ እና እኔ በዚህ እድሜዬ የማምነው ነገር ቢኖር ሰው ለምን እንደሚኖር ትንሽ የሚገባችሁ ዝናብ እየደበደበው ሲሰራ አጠገቡ ቆማችሁ ስትጠይቁት ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው የሰላሙ ነገር ነው። እዚያው የሚኖር ዘመድ ወይ መስመሩ ላይ የሚሰራ ሹፌር ጋ ደውሉና መንገዱ እንዴት ነው በሉ፣ ቆዩ ካሏችሁ ቆዩ፣ ተራራው የትም አይሄድም።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሸኖን ጫጫን ስታልፉ ሜዳ ሜዳውን ስለሆነ ከፍታው አይታወቃችሁም፣ ብርዱ ሲገባችሁ ነው 2,800 ሜትር ላይ መሆናችሁ የሚገባችሁ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ የቆረቆሯት ከተማ ናት፣ ብርድ ልብስም የሚሰራባት ከተማ ናት፣ ጃኬታችንን ይዘናል ብላችሁ አትለፉ፣ ከዚያ በላይ ያለው ብርድ ሌላ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትሄዱ ጣርማበር ላይ ሜዳው ድንገት ያልቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ፣ ከፊታችሁ ያለው ገደል ነው፣ ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወረድበት ጠርዝ። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 በነበረው ጊዜ፣ ተራራውን በስቶ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ዋሻ አወጣበት፣ እስከዛሬም መኪና ያልፍበታል። እዚያ ጋ ከዋሻው በፊት ቦታ አይታችሁ ቁሙና ዝናቡን እዩት። በስተምዕራብ የወደቀው ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል፣ ጀማ ዓባይ ይገባል፣ ዓባይ ሱዳንን ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በስተምስራቅ የወደቀው ደግሞ በሮቢ ወንዝ አድርጎ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ግን ባህር አይደርስም፣ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ይገባና እዚያው ይቀራል። ይሄን የነገርኩት ልጅ ሁሉ «ታዲያ የታደለው የቱ ነው?» ይለኛል። እኔ አፋር ውስጥ በዚያ ሐሩር አዋሽ ዳር ከብት ሲጠጣ አይቻለሁ፣ ጥጥ ሲለማበት አይቻለሁ፣ ያ ውሃ ባህር አልደረሰም ብዬ ላዝንለት አልችልም። ጓደኛችሁ ካናዳ ገባ ብላችሁ ሌሊቱን እንቅልፍ የምታጡ ልጆች ካላችሁ ጣርማበር ላይ ትንሽ ቆም በሉ፣ ሌላ ነገር አልላችሁም።

ቁልቁለቱን ስትጀምሩ ደግሞ ሐሳቡን ትታችሁ መንገዱን ያዙ። ከ3,000 በላይ ተነስታችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ 1,300 ሜትር አካባቢ ናችሁ፣ ያ ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም፣ በምትወጡበት ማርሽ ነው የሚወረደው። የፍሬኑ ሸራ ሲግል ይሸታችኋል፣ ከሸተታችሁ ጥግ ይዛችሁ እስኪበርድ ጠብቁ። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት አታብሩ፣ ተመልሶ የሚወጋው የራሳችሁን ዓይን ነው፣ አጭሩ ይበቃል። ማታ አትንዱ። ያ ተዳፋት መሬቱ እንደሚንሸራተት የታወቀ ነው፣ ስለዚህ አስፋልቱ ግማሽ ክብ ሰርቶ ተሰንጥቆ ካያችሁ፣ ከላይ ያሉት ዛፎች ወደ መንገዱ ካጋደሉ፣ ጥርት ብሎ ይወርድ የነበረ ምንጭ ድንገት ጭቃ ከሆነ እዚያ ቦታ ለፎቶም ለምንም አትቁሙ፣ ቶሎ እለፉና ቀጥሎ ያለው መንደር ላይ ለሰው ተናገሩ። ቆላው ላይ ደግሞ እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ደራሽ ውሃ ይመጣል፣ ደጋው ላይ የዘነበው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ፣ ጉልበት የሚደርስ ጎርፍ ትንሽ መኪና ከመሬት ያነሳል፣ ከሹፌር ጋር እልህ ተጋብታችሁ አትግቡበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሐምሌ ላይ መንገዱ አንድ ቦታ ተዘግቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ናዳ ይወርዳል፣ ሲኖትራኩም ኤፍኤስአሩም ሚኒባሱም ይሰለፋል፣ ዶዘር እስኪመጣ ግማሽ ቀን ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ስልክ አትነካኩ፣ ውረዱ፣ ከሰዉ ጋር ቁሙ።

እንዲህ መንገድ ተዘግቶ የተዋወቅኳቸው አንድ አባት አሉ፣ ከደብረ ሲና በላይ ቤታቸው ከመንገዱ ስር ነው። ዝናብ ሲጠና ሌሊትም ቢሆን ላስቲክ ይከናነቡና አካፋቸውን ይዘው ወጥተው የመንገዱን ቦይ ይከፍታሉ። መንገድ የሚበላሸው በመኪና ክብደት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ እኛ ሙያው ውስጥ ያለን ግን ከሁሉ በፊት የምንፈራው ውሃ ነው። ቅጠሉ፣ ድንጋዩ፣ ከላይ የወረደው አፈር ቦዩን ሲደፍነው ውሃው አስፋልቱ ላይ ይወጣል፣ አስፋልት ላይ የወጣ ውሃ ጥግ ጥጉን ከስር እየበላ ይሄድና አንድ ቀን ጠዋት ግማሹ መንገድ ገደል ገብቶ ይገኛል። እና እኚህ አባት ሲሰሩ ቆሜ አየኋቸው፣ ከላይ አልጀመሩም። መጀመሪያ ወርደው ውሃው የሚወጣበትን የቱቦ አፍ ከፈቱ፣ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተው የተወሸቀ ግንድ ጎትተው አወጡ፣ ከዚያ እየጠረጉ ወደ ላይ መጡ። ትክክል ነው፣ መውጫው ሳይከፈት ከላይ ብትጠርግ ውሃው ይዞት የወረደው አፈር ታች ሄዶ መልሶ ይደፍንሃል፣ እኛ ይሄን የተማርነው ዩኒቨርሲቲ ገብተን ነው። «አባቴ ማን ነው የሚከፍልዎት?» አልኳቸው። ጥያቄው ራሱ ግር አላቸው፣ ቀና ብለው አዩኝና «ሰው እኮ ነው የሚያልፍበት ልጄ» ብለው ወደ ስራቸው ተመለሱ።

እኔ ይሄን መልስ እስከዛሬ አልጨረስኩትም። ቢሮ ውስጥ ስንት ሪፖርት ጽፌያለሁ፣ ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፣ ስራዬን ለምን እንደምሰራው ግልጽ ሆኖ የታየኝ ግን ያን ቀን ዝናብ ውስጥ ቆሜ ነው። እናንተም ትርጉም ስትሉ የምትፈልጉት እንዲህ ያለ ነገር ይመስለኛል። እንደ ኔትዎርክ ጉብታ ላይ ሲወጡ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ጊዜ ካላችሁ ከደብረ ብርሃን በደነባ በኩል ወደ እነዋሪ ሂዱ። መኪናችሁ ዝቅ ያለች ከሆነች ህዝብ ማመላለሻ ያዙ፣ እንደውም ይሻላል፣ ወሬ ትሰማላችሁ። እነዋሪ ጥቁር አፈር ነው፣ መረሬ የሚሉት፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና አላሳልፍ ይላል፣ የተዘራው ውሃ ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል። ታዲያ እዚያ ያለው ገበሬ ምን ያደርጋል፣ በበሬ አርሶ ከዘራ በኋላ እናት አባት ልጅ ሳይል ቤተሰቡ ሁሉ ማሳው ላይ ይወጣና ጎንበስ ብሎ በእጁ፣ በባዶ እጁ እያልኳችሁ ነው፣ አፈሩን እያፈሰ መደብ ያወጣል፣ በመደቦቹ መሀል ቦይ ይቀራል፣ ውሃው በቦዩ ይወርድና ዘሩ መደቡ ላይ ይድናል። ጭቃው ከባድ ነው፣ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ጥፍር ስር ይገባል፣ እናትየው ቀና ስትል ወገቧን በክርኗ ነው የምትይዘው ምክንያቱም እጇ መዳፉ ድረስ ጭቃ ነው። ተመራማሪዎች ኋላ ላይ በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ መሳሪያ ሰርተዋል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ብልሃቱ የገበሬው ነው። ስትደርሱ ጫማችሁን አውልቁና ፍቀዱልኝ ብላችሁ አንድ ቦይ አብራችኋቸው አውጡ። ቪዲዮ አትቅረጹ። ጀርባችሁ እስኪንቀጠቀጥ ስሩ፣ ማታ ላይ ያቺ ራስን የመፈለግ ጥያቄ የት እንደሄደች ራሳችሁ ታያላችሁ።

ወደ መንዝ የምትወጡ ደግሞ ከጣርማበር ወደ መዘዞ ታጥፋችሁ ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሳር መሬት ታገኛላችሁ። ጭላዳውን ታያላችሁ፣ እድለኛ ከሆናችሁ ቀይ ቀበሮም፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክልም ጉም ውስጥ ቆሞ ይታያችኋል። ስለእንስሳቱ ሌላ ሰው ይጻፍላችሁ፣ እኔ የምወደው የሳሩን ነገር ነው። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ስርዓት ያንን ሳር ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲደርስ እየከፈተ፣ ለቤት ክዳንም ለገመድም ለግጦሽም ተራ እየጠበቀ ሲጠቀምበት ኖሯል። በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ስርዓቱ ፈረሰ፣ ሳሩም ተጎዳ፣ በኋላ ግን ህዝቡ ራሱ ተሰባስቦ መልሶ ደንብ አወጣለትና እስከዛሬ ይጠብቀዋል። አስቡት፣ ለዓመታት የማትነካውን ሳር ብርድና ዝናብ ላይ ቆሞ መጠበቅ። እኔ የኢትዮጵያ ነገር ተስፋ ሲያስቆርጠኝ የማስበው ስለ ጓሳ ጠባቂዎች ነው፣ የምሬን ነው።

ከመሸባችሁ ሰው ቤት ግቡ። የመንዝ ቤት ድንጋይ ነው፣ ጭሱ የኩበት ነው፣ ዓይናችሁ ያለቅሳል ግን ትሞቃላችሁ። የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነን በሉ፣ ባዶ እጃችሁን ግን አትግቡ፣ ቡና ስኳር ያዙ። ነሐሴ ከ1 እስከ 15 ፍልሰታ ስለሆነ የጾም ነው፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ሽሮ፣ ምን ይጎድላል ብላችሁ አትጠይቁ። እግር ሊያጥቡላችሁ ሲነሱ አትከልክሉ፣ ተነስታችሁ ተቀበሉ፣ ጠዋት ላይ ብር አውጥታችሁ እጃቸው ላይ አታስቀምጡ፣ ይከፋቸዋል፣ ለልጆቹ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ብትሄዱ ያ ሌላ ነው። ምሽቱን ስለራሳችሁ አታውሩ። ዘንድሮ በልጉ እንዴት ነበር፣ በሬ ስንት ገባ፣ ልጆቹ የት ይማራሉ፣ ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም እስከመጨረሻው ስሙት፣ እነሱ ሲጨርሱ ስለናንተ ይጠይቋችኋል፣ ያኔ የሆነውን ሁሉ ንገሯቸው፣ ስራ ማጣቱንም፣ መሰልቸቱንም። ከብዙ ሳይኮሎጂ ከተማረ ሰው የማልሰማውን ነገር ከእንደዚህ ዓይነት እናቶች ሰምቻለሁ።

ሐምሌ ቢያባራ በጋ ይመስላል፣ እዚያ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ወጣ ብላችሁ የዝናብ ልብሳችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ አትራቁ። ፕላስቲክ ቡትስ ግዙ፣ ስኒከሩን ተውት። መለዋወጫ ጎማ፣ ገመድ፣ አካፋ ይኑራችሁ፣ አካፋው ለራሳችሁ መኪና ብቻ አይደለም። እና የገባችሁበትን ቤት ስልክ ቁጥር ያዙ፣ ዛሬ ከየቤቱ አንድ ስልክ አይጠፋም። አዲስ አበባ ስትገቡ በሰላም ገባን በሉ፣ ከዚያ ህዳር ላይ አጨዳው ሲደርስ ደግማችሁ ደውሉ፣ ያ መደብ ያወጣችሁለት ማሳ ውርጭ መታው ወይስ ዳነ፣ ስንት ኩንታል ወጣው ብላችሁ ጠይቁ።