ወደ ፋንታሲ (የአስማትና የምናብ ዓለም ልብ ወለድ) ለመመለስ ከየት ልጀምር ላልከው

ወንድሜ፣ «ድሮ ፋንታሲ እወድ ነበር፤ አሁን ግን ወፍራም መጽሐፍ ሳይ ገና ሳልገልጠው ይደክመኛል» ብለሃል። እንግዲያው በቀጭኑ ጀምር።

የእኔ ምርጫ የኡርሱላ ለጊን «ኧርዝሲ» ነው። የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እዚያ ዓለም ውስጥ አስማት ማለት የአንድን ነገር እውነተኛ ስም ማወቅ ነው። ጌድ የሚባል ጎበዝ ግን ትዕቢተኛ ልጅ፣ ጉራውን ለማሳየት ሲል ከሙታን ዓለም መንፈስ ይጠራል። አብሮ ሾልኮ የወጣ ጥላ ፊቱን ይቧጭረዋል፤ ከዚያ በኋላ እግር በእግር ይከተለዋል። የጦር ሜዳ ግርግር የለበትም፣ ግን ልብ ያንጠለጥላል።

ፍጥነት ካማረህ የብራንደን ሳንደርሰን «ሚስትቦርን» አለልህ። አስማተኞቹ የተለያዩ ብረቶችን ብናኝ ውጠው ሆዳቸው ውስጥ «ያቃጥሉታል»። ቆርቆሮ ከሆነ ዓይንና ጆሯቸው ይሰላል። ሕጉ ግልጽ ስለሆነ አትደናገርም። የመጀመሪያዎቹ 3 ቅጾች ታሪኩን ይቋጩልሃል።

«ዘ ዊል ኦፍ ታይም» ዋናው ታሪክ ብቻ 14 ቅጽ ነው፤ ለጊዜው እለፈው። አንባቢነትህ ሲመለስ ትደርስበታለህ። የጆርጅ ማርቲን «ኤ ሶንግ ኦፍ አይስ ኤንድ ፋየር» ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገና ተጽፎ አላለቀምና መጨረሻ ጠባቂ ከሆንክ ይቅርብህ።