ውሉ ፈርሷል ከማለታችሁ በፊት

ልጆች፣ በጥብቅና ስራ ስኖር ከወጣት ደንበኞቼ አፍ እንደዚች ደጋግሜ የሰማኋት ቃል የለችም፣ "ጋሼ፣ ሰውየው ውሉን አላከበረም እኔም አፈረስኩት"። ማስጠንቀቂያ ሰጥተኸዋል ወይ ስል አብዛኛው ዝም ይላል።

ባለፈው አንድ ልጅ መጣ። ለካፌው ወንበርና ጠረጴዛ ሊያሰራ ከአንድ እንጨት ቤት ጋር ተዋውሎ ግማሹን ብር ከፍሏል፣ ቀኑ አለፈ፣ ልጁ ተናደደና በቴሌግራም "ውላችን አብቅቷል ብሬን መልስ" ብሎ ጽፎ በማግስቱ ከሌላ ቦታ ገዛ። ስልኩን ተቀብዬ ወደ ላይ ሳነብ ከ4 ቀን በፊት እራሱ "ችግር የለም፣ ቀስ ብለህ ጨርስ" ብሎታል። እንጨት ሰሪው ደግሞ እቃውን ጨርሼ አልረከብም አለኝ ብሎ ቀሪውን ሂሳብ ጠይቆ ከሰሰው። ከሳሽ መሆን የሚገባው ልጅ ተከሳሽ ሆኖ መጣ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መብታችሁን አልነፈገም እኮ። ሌላው ወገን ሳይፈጽም ሲቀር ቁጥር 1771 እንደውሉ ይፈጸምልኝ ወይም ይሰረዝልኝ እንድትሉ ይፈቅዳል፣ ከዛም ላይ ኪሳራ ካለ ካሳ። ግን ቁጥር 1772 መጀመሪያ አስጠንቅቁ ይላል። ማስጠንቀቂያ የማያስፈልገው ለምሳሌ ሰውየው አልፈጽምም ብሎ በጽሁፍ ሲያሳውቃችሁ ወይ በውሉ ላይ አያስፈልግም ብላችሁ ስትስማሙ ነው። ዳኛ ሳይጠይቁ በራስ መሰረዝም በሕጉ በተቆጠሩት ሁኔታዎች ብቻ ነው፣ ውሉ ራሱ ሲፈቅድ፣ በማስጠንቀቂያው የተሰጠው ጊዜ ሲያልፍ፣ መፈጸሙ የማይቻል ሲሆን፣ ወይ ሌላው አልፈጽምም ሲል። ከዛ ውጪ ዳኛው ነው የሚወስነው፣ እሱም ለጥቃቅን ጉድለት ብሎ ውል አይሰርዝም።

ያለ አግባብ ያፈረሰ ካሳ ይከፍላል፣ ጥፋት የለብኝም ማለት ብቻውን አያድነውም፣ ከአቅም በላይ ነገር ካላጋጠመው በስተቀር። ውሉ ላይ መቀጫ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ሌላው ወገን ጉዳቱን ባያስረዳም መቀጫው ሊጠየቅ ይችላል። ተጎጂ ነኝ የምትሉትም እጃችሁን አጣጥፋችሁ ኪሳራው እስኪያብጥ አትጠብቁ፣ መቀነስ ትችሉ የነበረውን ዳኛው ከካሳው ላይ ያነሳዋል።

ቀብድ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ቀብዱን ለቆ ይወጣል፣ የተቀበለው እጥፍ መልሶ ይወጣል (ቁጥር 1885)። ቅድሚያ ክፍያ ግን ቀብድ አይደለም፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የቱ እንደሆነ አስጽፉ። የአሰሪና ሰራተኛ የስራ ውል ደግሞ ለብቻው ነው፣ አዋጅ 1156/2011ን እዩ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ቀላል ነው፣ ምን እንዳልተፈጸመ፣ ስንት ተጨማሪ ቀን እንደሰጣችሁት፣ ካልሆነ ምን እንደምታደርጉ። ቀን ጻፉበት፣ ኮፒው ላይ ተቀብያለሁ ብሎ ይፈርምላችሁ።

የልጁን ጉዳይ በሽማግሌ ጨረስነው፣ ወንበሮቹን ተረክቦ ቀሪውን ብር በሁለት ወር ሊከፍል ተስማማ። አዲሱን ስምምነት ይዞልኝ ሲመጣ የማስጠንቀቂያዋን አንቀጽ ራሱ ጽፎ ነበር፣ 10 ቀን ብሎ።