የታካሚ ስም ለምን ይቆረጣል? ለደብረ ሲናው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። «ከካርድ ክፍል ወደ ላብ በኤችኤል7 የምንልከው የታካሚ ስም መጨረሻው ይቆረጣል፣ አንዳንዴም የማይነበብ ምልክት ይከተለዋል። እኛው ቆርጠን እንላክ ወይስ መልእክቱ ይመለስ?» ብለሃል። (ኤችኤል7 የጤና ተቋም ሲስተሞች መልእክት የሚለዋወጡበት ደንብ ነው።) ይሄ ጣጣ ደብረ ብርሃን ስሠራ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። ያውም በዚያ ብርድ!

መጀመሪያ ገደቡ የማን እንደሆነ ለይ። የስም ፊልዱ፣ ፒአይዲ-5፣ በደንቡ ስሪት 2.3 ላይ ርዝመቱ 48 ቁምፊ ነበር፤ በ2.5 ደግሞ 250 ሆኗል። እኛን የቆረጠን ግን የተቀባዩ ዳታቤዝ ኮለም (ስሙ የሚቀመጥበት ዓምድ) ነበር። ስለዚህ ሰነዱን ብቻ አትመን። ረጅም ስም ላክና እስከ የት እንደደረሰ እይ።

የኛን አገር ስም ታውቀዋለህ፤ ወልደና ገብረ ይደራረባል። ለሙከራ «ወልደሰንበት ገብረመስቀል ወልደጊዮርጊስ» የሚል ስም ፈጠርን። በላቲን ከነክፍተቱ 36 ፊደል ነው፤ ሰተት ብሎ ገባ። በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ 24 ብቻ ስለሆነ እንዲያውም ቀለለን አልን። ለካ ኮለሙ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት (የኮምፒውተር የማከማቻ መለኪያ) ነው! ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 22 ፊደል 66፣ በስሞቹ መካከል ያሉት ሁለት መለያዎች (እያንዳንዳቸው 1 ባይት) ሲጨመሩ 68። 48 ባይት ላይ ሲቆረጥ አያትየው «ወ» ሆነው ቀሩ። ከ«ል» አንድ ባይት ብቻ ተረፈች፤ ያንን የማይነበብ ምልክት ያመጣችው እሷ ናት። ኮለሙ ሲሰፋ ችግሩ ጠፋ። እግረ መንገድህን የፊደል አሠራሩ በሚገለጽበት የመልእክቱ ፊልድ፣ ኤምኤስኤች-18 ላይ፣ ዩቲኤፍ-8 መጠቀሱን እይ።

ኮለሙን የሚያሰፋልህ ካጣህ ስምን መቁረጥ ትችላለህ፤ ግን ሙሉ ፊደል ላይ ቁረጥ፣ ሎግ (የሲስተሙ መዝገብ) ላይም ይመዝገብ። ስሪት 2.7 ለተቆረጠ ጽሑፍ «#» ምልክት አለው፤ እኔ የገጠሙኝ የላብ ማሽኖች ግን 2.3.1 ላይ ነበሩ፣ አልጠቀመኝም።

ካርድ ቁጥርና የምርመራ ውጤት ግን በጭራሽ እንዳይቆረጡ። ስም ቢያጥር ነርሷ ካርዱን አይታ ትለየዋለች። ካርድ ቁጥር ጭራው ሲቆረጥ የሌላ ሰው ካርድ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መልእክት ከነስህተቱ ይመለስ፣ ሰው ይየው። ረጅም የፓቶሎጂ ጽሑፍ ከሆነ በበርካታ ኦቢኤክስ (ውጤት የሚጻፍበት የመልእክቱ ክፍል) ከፋፍለህ ላክ።

የራሴን ጥፋት ልንገርህ። የመልእክት መለያውን፣ ኤምኤስኤች-10ን፣ ከተቋም ኮድ፣ ከቀንና ሰዓት፣ ከካርድ ቁጥር አጣብቄ ሠራሁት። በድሮዎቹ ስሪቶች ገደቡ 20 ቁምፊ ነው። ተቀባዩ ቆርጦ ያዘውና በአክ መልሱ («መልእክቱ ደረሰኝ» የሚለው ማረጋገጫ)፣ መለያው በሚመለስበት ኤምኤስኤ-2 ላይ፣ የተቆረጠውን መለሰልኝ። የኔው ፕሮግራም «ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ እንደገና ላከ፤ ደግሞ ላከ። ጠዋት ላብ ስደርስ የአንድ ሰው ትእዛዝ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። ኃላፊዋ ያዩኝን አስተያየት አልረሳውም። አሁን ተራ ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው የምጠቀመው።

የምትጠቀሙበትን ስሪትና አንድ ናሙና መልእክት ላክልኝ። የታካሚውን ስምና ካርድ ቁጥር ቀይረህ፣ አደራ።