መርፌው ይሻለኛል ወይስ ጄሉ?

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ድካሙና የወሲብ ፍላጎት መቀነሱ ስለበረታብኝ ተመርምሬ ቴስቶስትሮኔ (የወንድ ሆርሞን) ዝቅ ብሎ 210 ናኖግራም በዴሲ ሊትር ሆነ። የቴስቶስትሮን መርፌ ወይም ቆዳ ላይ የሚቀባ ጄል ምረጥ ተብያለሁ። የሁለት ዓመት ልጅ አለችን፤ ሁለተኛም እናስባለን። የቱን ልጀምር?

መልስ፦ ልጅ እያሰባችሁ ከሆነ ለጊዜው ሁለቱንም አይጀምሩ። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን አንጎል ለቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ስለሚያስቆም ስፐርም ይቀንሳል፣ ጨርሶም ሊጠፋ ይችላል። ሕክምናው ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ሐሳባችሁን ለሐኪሙ ይንገሩት፤ እንደ ክሎሚፊን ክኒንና ኤች ሲ ጂ መርፌ ያሉ ስፐርምን የማያጠፉ አማራጮች አሉ።

ደግሞም አንድ ምርመራ አይበቃም። በሌላ ቀን፣ ምግብ ሳይቀምሱ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገም፤ ኤል ኤችና ፕሮላክቲን የተባሉት ከአንጎል ሥር የሚመነጩ ሆርሞኖችም አብረው ይታዩ።

የልጁ ነገር ካለቀ በኋላ ለእርስዎ ቤት መርፌውን እንመርጣለን። ጄሉ (1 በመቶው፣ በቀን 50 ሚሊ ግራም) ሆርሞኑን ሳያዋዥቅ ይይዛል፤ ነገር ግን የሚቀባው ትከሻና ክንድ ላይ ነው፤ ልጅዎ ደግሞ እዚያው ትከሻ ላይ ነው የምትተኛው። በቆዳ ንክኪ ወደ ሕፃን ሲተላለፍ ያለ ዕድሜዋ የብልት ፀጉር ሊያበቅል ይችላል። የግድ ጄል ከሆነ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ ሸሚዝ መልበስ፣ ከማቀፍ በፊት ቦታውን ማጠብ ነው።

ኢናንቴት የተባለው የቴስቶስትሮን መርፌ በየሳምንቱ ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም ነው። በሚሊ ሊትር 250 ካለው አምፑል 100 ማለት 0.4 ሚሊ ሊትር ነው። ጥፋቱ ሙሉውን አምፑል በወር አንዴ መወጋት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከልክ ያልፋል፣ በመጨረሻው ሳምንት ድካሙ ይመለሳል። ቆይታ ያለው ሌላው የቴስቶስትሮን መርፌ፣ አንዴካኖኤት (1,000 ሚሊ ግራም)፣ ሁለተኛው ከ6 ሳምንት በኋላ፣ ከዚያ በየ10 እስከ 14 ሳምንቱ ይሰጣል። ዘይቱ ወደ ሳንባ ሄዶ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ሊያመጣ ስለሚችል ቀስ ብሎ ይወጋ፤ እርስዎም ግማሽ ሰዓት እዚያው ይቆዩ። የሜቲል ቴስቶስትሮን ክኒን ግን ጉበት ስለሚጎዳ ይቅርብዎ።

ደሴ ላይ በተለይ የምናሳስበው ሄማቶክሪትን (ከደም ውስጥ ቀይ የደም ሴሎች የያዙትን ድርሻ በመቶ) ነው። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የነዋሪው ቀይ የደም ሴል ቀድሞም ከፍ ሊል ይችላል፤ ቴስቶስትሮን፣ ይበልጡንም መርፌው፣ ይጨምርበታል። ከ50 በመቶ በላይ ሆኖ ከተገኘ ምክንያቱ ሳይጣራ አይጀመርም። ከተጀመረ በኋላ ከ54 ካለፈ ይቆማል፣ ሲወርድ በአነስተኛ መጠን ይቀጠላል። ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየዓመቱ ከፒኤስኤ (የፕሮስቴት የደም ምርመራ) ጋር ይለኩት። ማታ በኃይል የሚያንኮራፉ ከሆነም አስቀድመው ለሐኪሙ ይናገሩ።