የእሪያ ድምፅ አስመስሎ መጥራት ይሠራል ወይ ላልከው
ወንድሜ በቆሎዬን እሪያ (የዱር አሳማ) ጨረሰብኝ፣ ድምጿን በስልክ ከፍቼ ብጠራት ትመጣለች ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ልትመጣ ትችላለች፣ ግን አመጣጧ አንተ እንዳሰብከው ላይሆን ይችላል። እሪያ ስትበላ ዝቅ ያለ፣ አጭር አጭር፣ ማንኮራፋት የሚመስል ድምፅ አላት፣ መንጋው እዚህ ነኝ የሚባባልበት ነው፣ አሜሪካ ያሉ አዳኞችም እዚያ ያለውን የዱር አሳማ እንዲህ ያለ ድምፅ እያስመሰሉ ያቀርቡታል። የግልገል ጩኸት ግን ሌላ ነገር ነው! እሱን የሰማች እናት ተናዳ ነው የምትመጣው፣ አውራውም ለልጆቹ ይጋፈጣል፣ ስለዚህ በጨለማ እሱን ከፍተህ እንዳትቆም በእናትህ። ደግሞ ነፋሱ ካንተ ወደሷ ከሆነ ምንም ብታስመስል ሽታህ ይቀድምሃል።

እኛ ጎጃም ወምበርማ በቆሎ ስንጠብቅ ድምፅ የምንጠቀመው ለማባረር ነው እንጂ ለመጥራት አይደለም። ማማ ላይ ሆነህ ትጮሃለህ፣ ጅራፍ ታጮሃለህ፣ ቆርቆሮ ትደበድባለህ፣ ጎረቤትህም ከማማው ይቀበልሃል። ሌሊቱን ሙሉ አንድ አይነት ድምፅ ግን አይሆንም፣ ትለምደዋለች፣ ከለመደች በኋላ አጠገብህ ሆና ትበላለች፣ ስለዚህ ድምፁንም ሰዓቱንም የምትጮህበትንም ጥግ ቀያይረው። በቀን እየመጣ የሚያስቸግርህ ከሆነ ግን ከርከሮ ሊሆን ይችላል፣ እሪያ በብዛት የሌሊት ናት። መግደል ካሰብክ መጀመሪያ ወረዳ ሄደህ ስለ ፈቃዱ ጠይቅ። ማሳህ ከጫካው ምን ያህል ይርቃል? በየት በኩል እንደምትገባም ዱካዋን አይተህ ጻፍልኝ።